ያልታጠበ ጉንጭ

ኬጂ የሚያስተምር ሰው ከሁሉ በፊት የሚለምደው ንፍጥ መጥረግ ነው። ሌላው ሁሉ በኋላ ይመጣል። እኔ ይህን ሥራ ስጀምር ሰርተፊኬቴን በፕላስቲክ አስለብጬ፣ የልጆች ጨዋታ በደብተር ሙሉ ጽፌ ነበር የመጣሁት። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ቦርሳዬ ውስጥ ከሶፍት በቀር ምንም አልነበረም። አሁን አርባዎቹን እያጋመስኩ ነው፤ እዚያው 18 ማዞሪያ አጠገብ፣ ታክሲ ከሚዞርበት ገባ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ ነኝ፤ ሶፍቱም ከቦርሳዬ አልወጣም።

ቁጡ ነኝ። አልደብቅም። ድምፄ ከመንገድ ማዶ ይሰማል ይሉኛል፣ ይሰማል። ልጆቹ ግን አይፈሩኝም፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እየሳምኩ ነው የማስገባቸው። እንደ እኔ ያለ ጯሂ ሰው ጠዋት ካልሳመ ቀኑን ሙሉ ማን ይሰማዋል? ስማቸው ከጠፋኝ እንኳ ጉንጫቸውን አውቀዋለሁ፤ የማን ቅባት ይበዛዋል፣ የማን ጉንጭ ገና የእንቅልፍ ሙቀት አለው፣ ሁሉንም።

ታዲያ አንድ ደንብ ነበረኝ። «ያልታጠበ ጉንጭ አልስምም።» ያወጣሁት ጉንፋን በጠናበት አንድ ኅዳር ነው፤ የሠላሳ ልጅ ንፍጥ ፊቴ ላይ ተለጥፎ መዋሉ ቢመረኝ። የሚገርመው ደንቡ ሠራ። ውኃ ሲያዩ ጠረጴዛ ሥር የሚደበቁ ልጆች ፊታቸውን ታጥበው፣ አንገታቸውን አስግገው መምጣት ጀመሩ። ያልታጠበ ሲመጣ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ፣ አፍንጫዬን እሸበሽባለሁ፣ «ይቺ ጉንጭ ውኃ አላየችም» እላለሁ፤ እሱም እየሳቀ ወደ ቧንቧው ይሮጣል፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ እስመዋለሁ። እናቶቹ መረቁኝ። እኔም በዘዴዬ ኮራሁ። ለአዳዲስ መምህራን ሁሉ ይህንኑ እመክር ነበር፣ ምን ዋጋ አለው።

አንድ ዓመት አዲስ ከገቡት ልጆች አንዷ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ እዚያው ማዞሪያው ላይ የልጆች ልብስ የምትሸጥ፣ ሒጃቧን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ወጣት ሴት ናት። ልጅቷ መስከረም ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ ኅዳር ሲገባ ገና አልጨረሰችም። ለቅሶዋ የጩኸት አልነበረም። እናቷ በሩን ልትወጣ ስትል ቀሚሷን ይዛ ትቆማለች፣ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። እናትየው ሱቋን ሳትከፍት በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጣ ታረፍዳለች። ዳይሬክተራችን በመጨረሻ፣ ልጅቷ ገና ስለሆነች ዓመቱን ቤት ብትቆይ አይሻልም ወይ እስከማለት ደረሱ።

እኔ እልህ ያዘኝ። አንድ ቀን ጠዋት ተንበረከክሁና ቀኝ ጉንጯን ሳምኳት፣ ግራዋን ሳምኳት፣ ግንባሯን ሳምኳት፤ «ይሄ ማኅተም ነው፣ ማኅተም ያለው ልጅ እናቱ እስክትመጣ ድረስ የእኔ ነው» አልኳት። አየችኝ። እናቷን አየቻት። ቀሚሱን ለቀቀችው። ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ ቀኝ፣ ግራ፣ ግንባር፤ ከዚያ ዞር ብላ እናቷን በሁለት እጇ ገፋ ታደርጋታለች። ሂጂ ማለቷ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስትገፋት እናቷ በሩ ጋ ቆማ አለቀሰች።

ይህ ሁሉ እንዲህ ሆኖ የፋሲካ ሰሞን ደረሰ። እኛ ኦርቶዶክሶች ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም። ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና በሕማማት መሳም ነውር ነው። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድም ሕማማት አፍርሼ አላውቅም። በሌላው ዓመት ልጆቹ ነገሩን ጨዋታ አድርገው ነበር የሚይዙት፤ ከሩቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ይሉልኛል፣ እኔም እመልሳለሁ፣ እንስቃለን።

ሥራውም የሚበዛው በዚያ ሳምንት ነው። ዓርብ ስቅለት ስለሆነ በዓሉን ከልጆቹ ጋር የምናከብረው ሐሙስ ነው። ደብተራቸው ላይ ለወላጆች ማስታወሻ እንጽፋለን፤ የሀገር ልብስ ይልበሱ፣ ዳቦ የሚችል ዳቦ፣ ፈንዲሻ የሚችል ፈንዲሻ። ኬክ አይመጣም፣ እንቁላል አለበትና ጾም ነው። ሙስሊሙም ጴንጤውም ዳቦውን ጋግሮ ይልካል፤ ሥጋ እስካልመጣ ድረስ አንድ ማዕድ ላይ የማንቀመጥበት ምክንያት የለም። እኔ ደግሞ ከወረቀት ዶሮ እቆርጣለሁ፣ ለሠላሳ ልጅ ሠላሳ ዶሮ፣ በባዶ ሆዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። በዚያ ሳምንት ጠባዬ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀበልኳቸው። በዚህ ሳምንት መሳም የለም፣ ከፋሲካ በኋላ እጥፍ አድርጌ እስማችኋለሁ እያልኩ አሳለፍኳቸው። እሷ ተራዋ ሲደርስ ቀኝ ጉንጯን ሰጠችኝ። ጎንበስ አልኩላት። ግራዋን ሰጠችኝ። ራሷን ዳበስ አደረግኳት። ግንባሯን ቀና አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላዋ ሰልፉ ረዝሟል፣ አንዱ ፈንዲሻውን ከአሁኑ አምጥቶ መሬት ላይ በትኖታል፣ እኔ በዚያ ተናድጃለሁ። ጀርባዋን ገፋ አድርጌ አስገባኋት። ዓይኗን ስትገልጥ እኔ ከባለፈንዲሻው ጋር ነበርኩ።

ረፋዱ ላይ ሞግዚቷ፣ ማለት ክፍል ውስጥ የምታግዘኝ ልጅ፣ ልጅቷን ከቧንቧው ሥር ይዛት መጣች። ሹራቧ ደረቱ ድረስ ርሷል፣ ከፀጉሯ ውኃ ይንጠባጠባል። ጮኽኩባት። ጉንፋን ሊይዝሽ ነው፣ ውኃ መጫወቻ ነው ወይ፣ ለእናትሽ ነው የምነግራት አልኩ። እሷ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። እኔ ሹራቧን አውልቄ አጥሩ ላይ አሰጣሁት።

ማክሰኞ ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ ከሸርተቴው ላይ ወርዶ ተንከባለለ። ጉልበቱ ተልጦ ደም ወጣው፣ ግቢውን በጩኸት አናጋው። ብድግ አድርጌ አቀፍኩት፣ እሹሩሩ አልኩት፣ ሳላስበው አናቱን ሳምኩት። አፌ ለምዷል፤ በቀን ስንት ጊዜ የምሠራውን ሥራ እንዴት ብዬ ልቁጠረው? ቀና ስል ልጅቷ ከፊቴ ቆማለች። ጉንጮቿ እርጥብ ናቸው፤ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከቧንቧው መመለሷ ነው። እያየችኝ ሄደች፣ እኔም ልጁን ፋሻ ልጠቀልልለት ገባሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሰልፉ ካለቀ በኋላ እናቷ ብቻዋን ወደ እኔ መጣች። ልጅቷን በረንዳው ላይ አስቀምጣታለች፤ እናትየው ራሷ መስከረም ላይ ታረፍድበት በነበረው አግዳሚ ላይ። እናትየው መጀመሪያ ስለ ዳቦው ጠየቀችኝ፣ ቀጥላ ስለ ልብሱ። ልቧ ሌላ ቦታ እንደሆነ ያስታውቃል። በመጨረሻ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብላ ጀመረች። ልጅቷ ከሰኞ ጀምራ ፊቷን ስትታጠብ ነው የምታመሸው። ቤታቸው ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ የተቀዳውን ጀሪካን ፊቷ ላይ ጨረሰችው። ትናንት ማታ እናቷ ሰው ስታስተናግድ ቆይታ ስትገባ፣ ልጅቷ በሰሃን ማጠቢያው ስፖንጅ፣ በሻካራው በኩል፣ ጉንጯን ስትፈገፍግ አገኘቻት።

«እኔማ ሕማማት መሆኑን አውቃለሁ፣ ጎረቤቶቼ በሙሉ ይጾማሉ» አለችኝ። «ቲቸር በዚህ ሳምንት ማንንም አትስምም ብዬ ነገርኳት። ልጁን ስማዋለች አለችኝ። ፊቴ እስኪነጻ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ዛሬ አዝዬ ነው ያመጣኋት።»

ወደ በረንዳው ሄጄ አየኋት። ሁለቱም ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ የቀኙ ላይ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትሰጠኝ ላይ፣ ቆዳው በሳንቲም ስፋት ተልጧል። ያልታጠበ ጉንጭ አልስምም። ማን አለ? እኔ። አፌን ሞልቼ፣ በየጠዋቱ፣ እየሳቅሁ። አራት ዓመት የሆናት ልጅ ስለ ይሁዳ አታውቅም፣ ስለ ሕማማት አታውቅም፤ የምታውቀው የእኔን ደንብ ነው። ካልተሳመች ቆሽሻለች ማለት ነው። ልጁ ከተሳመ ደግሞ የቆሸሸችው እሷ ብቻ ናት።

ተንበርክኬ ላስረዳት ሞከርኩ። ፊትሽ ንጹህ ነው አልኳት፤ ታዲያ ሳሚኝ በሚል ዓይን አየችኝ። ከዚያ ወደ ታሪኩ ገባሁ፣ ምናለ ባልገባሁ። ድሮ አንድ ሰው ነበር፣ ጓደኛውን እየሳመ ለክፉ ሰዎች ሰጠው፣ እኛም በዚያ አዝነን በዚህ ሳምንት አንሳሳምም አልኳት። በጥሞና ሰማችኝ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለች።

አንቺማ አይደለሽም አልኩ። ታዲያ ለምን አለችኝ። ደብተር ሙሉ ጨዋታ የጻፍኩት ሴትዮ አንድ ቃል አጣሁ። ያኔ ልስማት ይገባኝ ነበር። ከንፈሬ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ሞግዚቷ በር ላይ ቆማ ታየናለች፤ እሷ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግል፣ ጾሟን ጠንቅቃ የምትይዝ ልጅ ናት። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የያዝኩት ነገርም አለ። ፈራሁ። እግዜርን ፈራሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የፈራሁት ግን ሰው ነው። ቁስሉን ቫዝሊን ቀባሁላትና ወደ ክፍል አስገባኋት። መክሰሷን ሳትነካው ዋለች።

ማታ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ራሴን ስሰድብ ሄድኩ። ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ ሁለት ጊዜ ከፈልኩት፤ እሱ ራሱ መለሰልኝ። ፋሲካ ሲመጣ እስማታለሁ፣ አራት ቀን ነው የቀረው እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ለእኔ አራት ቀን ነው። ለእሷ ስንት ጀሪካን ነው?

ሐሙስ ግቢው ደመቀ። መሬቱ ላይ ቄጤማ ጎዘጎዝን፣ ዳቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። የወረቀት ዶሮዎቹን በክር ሰቀልናቸው፤ ግማሾቹ ጅራት የላቸውም፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ እጄ ይደክማል። ሞግዚቷ ከቤቷ ጉልባን ቀቅላ አመጣች። ስንዴውንና ባቄላውን ልጆቹ እያንዳንዱን ፍሬ እየለቀሙ በሉት። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ሱሪ፣ ጥልፍ ብቻ ሆነ ግቢው። ወላጆችም አንዳንዶቹ መጥተዋል። ልጅቷ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳ እናቷ እግር ላይ ተጣብቃ ገባች። ማንንም አላየችም። ሰልፍ ይዘን ልንዘምር ስንል ቦታዋ ባዶ ነበር።

የት እንዳለች አልጠየቅሁም። ልጆቹን ለሞግዚቷ ትቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እዚያው ነበረች፣ ቀሚሷን ለማዳን እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ። ውኃው ዕለቱን ቆሞ ነበር፤ ቧንቧውን ከፍታ ባዶ አየር ሲተነፍስ ትሰማለች።

ከኩሽና ጭልፋና የፕላስቲክ መታጠቢያ ይዤ መጣሁ፤ ከታንከሩ ቀዳሁ። ሳሙና አስቀመጥኩ። ከዚያ የበዓል ቀሚሴን እንደለበስኩ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ።

«የቆሸሸው የእኔ ፊት ነው» አልኳት። «አንቺ እጠቢኝ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። የእውነቴን መሆኑን ስታረጋግጥ ሥራዋን ጀመረች። ዓይንሽን ጨፍኚ አለችኝ፣ በእኔው ድምፅ። ሳሙናውን አረፋ እስኪያወጣ እጇ ላይ አሸችው። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን፤ ከጆሮዬ ኋላ ስትደርስ ውኃ አላየችም ብላ ተቆጣችኝ፤ ቃሉ የራሴ ነው። ቀስ ብላ ነበር የምታጥበኝ። ራሷን በስፖንጅ የላጠች ልጅ እኔን ግን በጣቷ ጫፍ ነበር የምትነካኝ። ያኔ አለቀስኩ። ውኃው ሲወርድ እንባዬም አብሮ ወረደ፣ እሷ አልለየችውም።

ነጠላዋን አንስታ አደረቀችኝ። ራቅ ብላ አየችኝ፤ እንደገና ቀረብ አለች። ቀኝ ጉንጬን ሳመችኝ። ግራዬን ሳመችኝ። ከዚያ በእግሯ ጫፍ ቆማ ግንባሬን ሳመችኝ።

«ማኅተም» አለች።

አልሸሸሁም። ያቺን የተላጠች ጉንጯን ሳምኳት፤ ቫዝሊን ቫዝሊን ትል ነበር። ግራዋን ሳምኳት፣ ግንባሯን ሳምኳት። ሐሙስ ነው፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ቀትር ላይ፤ ይሁዳ ጌታን የሳመበት ሌሊት የሚታሰብበት ቀን ነው። ዞር ስል እናቷና ሞግዚቷ ከማዕዘኑ ጋ ቆመዋል። እናቷ አፏን በሒጃቧ ጫፍ ይዛለች። ሞግዚቷ ቀስ ብላ «ቲቸር፣ ሕማማት እኮ ነው» አለች። አውቃለሁ አልኳት። ለአንድ ጊዜ ድምፄን ከፍ አላደረግሁም።

ልጅቷ ሮጣ ሰልፉ ውስጥ ገባች። ዳቦው ሲቆረስ ሁለት ቁራጭ በላች፤ ጅራት የሌላትን ዶሮም መርጣ ወሰደች። ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ካህናቱ የምእመናኑን እግር እያጠቡ ነበር። ተራዬ ደርሶ እግሬ ላይ ውኃ ሲፈስ ሐሳቤ ሁሉ የቀትሩ ቧንቧ ጋ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ቀለል አድርጌ ማለፍ እችል ነበር፤ እኔ ግን ከሰኞ ጀምሬ እስከ ስፖንጁ ድረስ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። የልጅቷን ዕድሜ ጠየቁኝ። አራት አልኳቸው። ሰባት ስግደት ሰጡኝ። ስግደት የማይፈቀድበት በዓለ ሃምሳ ሲያልፍ ሰገድኩ። ለመሳሜ መሆኑን ነው እሳቸው ያሰቡት። እኔ ግን የሰገድኩት ለሰኞ፣ ለማክሰኞና ለረቡዕ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ትምህርት በተከፈተ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው፣ እጥፍ አድርጌ ልስም ቃል ገብቻለሁና። መጀመሪያ የደረሰው ያ ጉልበቱ የተላጠው ልጅ ነው፤ ንፍጡ እስከ ከንፈሩ ወርዷል፣ ከንጋት ጀምሮ ውኃ አላየም። ልጁ ራሱ ልማዱን ያውቃልና ወደ ቧንቧው ዞር ሲል ክንዱን ይዤ አስቆምኩት። ከነንፍጡ ሳምኩት። ግራ ተጋብቶ እያየኝ ገባ። ያንን የጉንጭ ደንብ ከዚያ ወዲህ ለማንም ልጅ ተናግሬው አላውቅም፤ ሶፍቱን ግን ሁለት እሽግ አደረግሁት።

እሷ ስትመጣ እናቷን በር ላይ ገፋ አድርጋ ተሰናበተቻት፣ ገና ሳልስማት። ከዚያ እኔን ከታች ወደ ላይ አየችኝ፣ ከጆሮዬ ኋላ ሳይቀር። ታጥበሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ታጥቤያለሁ አልኳት። ቀኝ ጉንጯን ሰጠችኝ።

ቁስሉ ድኖ ቦታው ላይ ነጣ ያለች ምልክት ቀርታ ነበር። እስከ ክረምት አልጠፋችም። ትምህርት እስኪዘጋ በየጠዋቱ የምስማት እዚያች ምልክት ላይ ነበር።